ባለ ሲባጎው ጫማ

ሊይዙኝ ሲመጡ ጨለማ ክፍል ውስጥ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ እያጠብኩ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እንደ ልማዴ «አሁን አይከፈትም፣ ሥራ ላይ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የሚያንኳኩት ፖሊሶች መሆናቸውን አላወቅኩም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደግ ግን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። «በሩ ከተከፈተ ብርሃን ይገባና የሰው ሠርግ ይበላሻል» አሏቸው። ሁለቱ ፖሊሶችም ጠበቁ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እውነት ግን ነው። ሊያስሩኝ የመጡ ሰዎች የማያውቋት ሙሽራ እስክትደርስ ድረስ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ሽማግሌው በበሩ ስንጥቅ በኩል «ልጄ፣ ፖሊሶች ናቸው፤ ሲያልቅልሽ ውጪ» አሉኝ።

አሥር ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበረኝ። ካሜራዬ አጠገቤ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ከሦስት ቀን በፊት ያነሳሁበት፣ ገና ያልታጠበ ፊልም አለ። የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ ነጩን አምፖል ማብራት ምንም አይፈጅም ነበር። ፊልሙ ይቃጠላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። አላደረግኩትም። ያነሳሁትን የሚያጠፋ እጅ አልነበረኝም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ፎቶ የሆነ ነገር ሁሉ እውነት፣ እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ የሚጠቅም ይመስለኝ ነበር። ፊልሙ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ በጥፋተኛውም ይፈረድበታል ብዬ አሰብኩ። ሙሽራዋን ከውሃው አውጥቼ ሰቀልኳት፤ እጄን ታጠብኩና ካሜራዬን አንገቴ ላይ አጥልቄ ወጣሁ። አንደኛው ፖሊስ ካሜራውን ሲቀበለኝ «እባክህ በጥንቃቄ ያዘው» ብዬዋለሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ጣቢያው ከፎቶ ቤቱ ሩቅ ስላልነበረ በእግራችን ሄድን። ኮልፌ የተወለድኩበት ሰፈር ነው። በየሱቁ ደጃፍ የቆሙ ነጋዴዎች ሰላም ሊሉኝ እጃቸውን ያነሱና ፖሊሶቹን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። አልፈረድኩባቸውም። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ቆሞ ሳይሆን አይቀርም።

የሴቶች ክፍል የሚባለው ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው ከግድግዳው በተላቀቀበት ክፍተት ብቻ ነበር። ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽንት ባልዲው ሽታ ነው። ከሱ ጋር ግን ሌላ ሽታ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል። እዚህ ባሕር ዛፍ ምን ይሠራል ብዬ ተገረምኩ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰባት ሴቶች አየሁ። ሽታው ከልብሳቸው ነበር። ወዲያው አወቅኳቸው።

ሳንሱሲ ከሚባለው ሰፈር በላይ ካለው ጋራ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። ከአንድ ወር በፊት በአንድ መጽሔት የሴቶች ገጽ ላይ ፎቷቸው ወጥቶ ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን ፎቶዋ የሚታተም ሴት ወይ የመኳንንት ወገን ናት፣ ወይ የሳሙና ማስታወቂያ። እኔ ደግሞ የሰፈሬ ሴቶች እንዲታዩ ፈለግኩ፤ ቦኖ ውሃ ላይ የሚሰለፉት፣ ጉሊት የሚውሉት፣ ከእናቴ ቁመት የሚረዝም እንጨት በጀርባቸው የሚያወርዱት። አንድ ጠዋት ተከትያቸው ወጣሁ። ሸክማቸውን የድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ቀና አሉ፤ ያን ጊዜ አነሳኋቸው። የሁሉም ፊት ጥርት ብሎ ወጣ። መጽሔቱ «የእናቶቻችን ሸክም» የሚል ርዕስ ሰጠው፤ ስሜንም ከሥሩ አተመ። ብዙ ሰው አመሰገነኝ፤ እኔም ኮራሁ።

«ነይ ወደዚህ፤ በሩ ሥር ብርድ ነው» አሉኝ አንዲት ትልቅ ሴት። ሌሎቹ «እትዬ» ነው የሚሏቸው። እኔ እማማ አልኳቸው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ምን አርገሽ ነው ልጄ?»

«አላውቅም እማማ» ብዬ ዋሸሁ።

«እኛስ እናውቃለን» አሉና ሳቁ። ሁለት የፊት ጥርስ አልነበራቸውም። «ጋዜጣ ላይ ወጥተን ነው። ፖሊሱ መንገዱ ሥር ቆሞ፣ ወረቀቷን ይዞ፣ እንደ በግ ገዢ አንድ በአንድ እያየ ለየን። ዕድሜ ልኬን ማንም አይቶኝ አያውቅም፤ አንድ ቀን ብታይ ይኸው ጉድ ሆንኩ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ያልሳቁት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተቀመጠች፣ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች። በአንድ በኩል ፀጉሯ ከሥሩ ተነቅሏል። ሁለተኛዋ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ጠይም ሴት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ጠይሟ ብላት ይበቃል። እሷ ፊቴን አላየችም፤ ዝቅ ብላ ጫማዬን ነበር የምታየው።

ሰማያዊ ሸራ ጫማ ነበር። የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ ፎቶ የምንሰቅልበትን ነጭ ሲባጎ በምትኩ አስገብቼበታለሁ። ጠይሟ ሲባጎውን ረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ዞር አለች። ጫማ አምሯት ይሆናል ብዬ አዘንኩላት። ሞኝነት ልክ የለውም።

ጠይሟ የሰባት ወር ልጅ ነበራት። እህቷ ልጁን አዝላ በየቀኑ ቀትር ላይ በሩ ድረስ ታመጣለች። አንዳንድ ቀን ዘበኛው ያስገባላታል፤ አንዳንድ ቀን ደስ አይለውም። ያላስገባ ቀን የልጁ ለቅሶ ከውጭ ይሰማል። ያን ጊዜ ጠይሟ ወደ ጥግ ትሄድና ፊቷን አዙራ ወተቷን ግድግዳው ላይ ታፈሳለች። ማንም ምንም አይላትም። ግድግዳው እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠሩኝ። የጣቢያው ሹም ሻምበል ነበር፤ ቁመናው ያማረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ፎቶዎች ደርድሯል። ፊልሜን ሌላ ቦታ አሳጥቦታል። አጣጠቡ መጥፎ ነው፤ የጣት አሻራ ሁሉ ነበረበት። በዚያ ሰዓት ይህን አይቼ መናደዴ ዛሬም ይገርመኛል።

«ማን ነው የላከሽ? ተማሪዎቹ ናቸው?» አለኝ።

«ማንም አልላከኝም ጌታዬ።»

«የአገር ገመና ለዓለም ማሳየት ምን ይጠቅምሻል?»

«ገመና አይደለም። በየቀኑ በደጃችን የሚያልፉ ሴቶች ናቸው።»

ከፎቶዎቹ አንዱን መርጦ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። የፈራሁት ፎቶ እሱ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጋራው በወጣሁ ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው። የደን ጥበቃው መንገድ ላይ ጠብቆ ሴቶቹን አስቆማቸው። ጫካው ስማቸው በሹክሹክታ የሚጠራ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ጥበቃው ሁልጊዜ ገመዳቸውን ይቀማል፣ ይሳደባል፣ ይለቃቸዋል። የዚያን ቀን ግን ገመድ አልፈለገም። ልጅቷን በፀጉሯ ይዞ ወደ ዛፎቹ ውስጥ ይጎትታት ጀመር። ልጅቷ አልጮኸችም፤ እግሯ ብቻ ቅጠሉን ሲያርስ ይሰማል። ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ጠይሟ ሸክሟን ካቡ ላይ ጣለች። እኔ ካሜራዬን አነሳሁ፤ እሷ ፍልጥ አነሳች። የኔ ካሜራ ደረት ላይ ሆኖ ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱበት ዓይነት ስለሆነ አጎንብሼ ምስሉን ሳስተካክል ነገሩ አለቀ። ቀና ስል ሰውዬው መሬት ላይ ነው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። ሴቶቹ ጠይሟን አሸክመዋት እየሸሹ ነበር። ያን ጊዜ ነው የቀረጽኩት።

ሻምበሉ የገፋልኝ ፎቶ ያ ነው። ጥበቃው ወድቋል። ከበላዩ አንዲት ሴት ከሸክሟ ሥር አጎንብሳለች፤ ፍልጡ አሁንም በእጇ ነው። ፊቷ አይታይም፤ እንጨቱና ነጠላዋ ጋርደውታል።

«አንድ ዓይኑ ጠፍቷል» አለ ሻምበሉ። «ማን እንደሆነች አላወቃትም። ስንት ዓመት ሙሉ ሲያስቆማቸው ኖሮ፣ ‹ሁሉም አንድ ናቸው› ብሎ ነው ቃሉን የሰጠው። አንቺ ግን ታውቂያታለሽ።»

«ልጅቷን ወደ ጫካ እየጎተታት ነበር።»

«በየትኛው ፎቶ?»

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው መለስኩ።

«አሥራ ሁለቱም እዚህ አሉ፤ አሳዪኝ» አለና እጁን ዘረጋ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ዛፍ አለ፤ ካብ አለ፤ ሸክም አለ። የጎተተበት ግን የለም። ካሜራዬ የያዘው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ መጀመሪያውን አልያዘልኝም። ዳኛ ፊት ይቀርባል ያልኩት ማስረጃ ተገልብጦ ጠይሟን የሚበላ ሆነ።

«ብትጠቁሚኝ ዛሬውኑ ካሜራሽን ይዘሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ከፎቶው ታችኛው ጠርዝ ላይ እግሮቿን ያየሁት። ባዶ እግር ነው፤ ቅጠሉ ላይ ተተክሏል። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት የለችም። ጠይሟን ልጅ ሳለች መጥረቢያ አግኝቷት እንደነበር ሴቶቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ እግሯንም ሦስት ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ። በደንብ ላየ ሰው ከስም ይልቅ ይናገራል። ሻምበሉ ግን ፍልጡንና ጀርባዋን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ፊት አይታይም ጌታዬ። አላውቅም» አልኩ። ፈርቼ ነበር።

«ደህና። ከምሳ በኋላ ሁሉንም አሸክሜ አቆማቸዋለሁ። አንቺም ቆመሽ ታያለሽ።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። እማማ «ምን አሉሽ?» ሲሉኝ መሬት ላይ ተንበረከኩና ወደ ጠይሟ ዞሬ ሁሉንም ተናገርኩ። የመጽሔቱን ፎቶ ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ፊልሙን ማጥፋት ስችል እንዳላጠፋሁት። ስጨርስ እማማ በጎደለው ጥርሳቸው መካከል በረጅሙ ተነፈሱ።

ጠይሟ «ከገባሽበት ቀን ጀምሮ አውቄሻለሁ» አለችኝ።

«እንዴት?»

«በጫማሽ። እኛ ሸክም ሥር ሆነን የሰው ፊት የት እናያለን? ሰው የምናውቀው በእግሩ ነው። ጋራው ላይ ያቺ ባለ ሲባጎ ከኋላችን ስትመጣ አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? በእስር ቤት ውስጥ ሌላ እስር ቤት ልክፈትብሽ?»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እግሯን አሳየኋትና «ይሄ ፎቶው ላይ አለ» አልኳት። እግሯን የሌላ ሰው እግር እንደሆነ ሁሉ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከውጭ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። የዚያን ቀን ዘበኛው ደስ አላለውም ነበር።

አስቤ ያደረግኩት ነው ብል ውሸት ነው። እጄ ቀድሞኝ የሲባጎውን ቋጠሮ ፈታ። ጫማዎቼን አውልቄ ፊቷ አስቀመጥኳቸው።

«ጫማ አድርጌ አላውቅም። በሠርጌም ባዶ እግሬን ነበርኩ» አለች።

«ዛሬ ታደርጊያለሽ» አሉ እማማ።

የኔ እግር ቀጭን ነው፤ የሷ ሰፊና የተሰነጣጠቀ። ጫማው እምቢ አለ። እማማ ቁራጭ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ከጉያቸው አወጡ፤ አንዷ ከመጠጫው ጣሳ ውሃ አፈሰሰች፤ ሁለት ሴቶች ተረከዟን ይዘው ገፉ። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነብን፤ ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላሉ እማማ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞራ ታየን ነበር። ግራው እንዲገባ ሴቶቹ ሸራውን በጎኑ በጥርሳቸው ቀደዱት፤ በውስጥ በኩል ስለሆነ አይታይም። በመጨረሻ ገባ። ጠይሟ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ሲባጎውን እኔ አሰርኩላት።

ከላይ ሆና «ይሄን የማደርገው ይቅር ብዬሽ አይደለም» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ አሰለፉን። እነሱ ሲያዙ የተወሰደባቸው እንጨት ለማስረጃ ተብሎ አጥሩ ሥር ተከምሮ ነበር። ሻምበሉ «አንሱ!» አለ። ሰባቱ ሴቶች በሦስት ቀን ረሃብ ላይ ሸክማቸውን አነሱ፤ አጎነበሱም። ልጅቷ ተንገዳገደች፤ እማማ በክርናቸው ደገፏት። እኔን ከጎኑ አቆመኝ። ባዶ እግሬን ጠጠሩ ላይ ቆሜ ቀሚሴን ወደ ታች ለመሳብ እሞክር ነበር።

ሻምበሉ ፎቶውን ከዓይኑ ትይዩ ይዞ ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ። ሸክሙን ያያል፤ ፎቶውን ያያል። ነጠላዋን ያያል፤ ፎቶውን ያያል። ሁሉም አንድ ሆኑበት። ጠይሟ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ።

«አንቺ፣ ጫማ አለሽ?»

«አለኝ ጌታዬ» አለች ከሸክሟ ሥር።

ፎቶውን አየ። ለዘበኛው «ይህችን አውጣት። ፎቶው ላይ ያለችው ባዶ እግሯን ናት» አለ።

ጠይሟ ሸክሟን አውርዳ አጥሩ ሥር ሄደች። አንዴም አላነከሰችም። የቀሩትን ስድስቱን ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አቁሟቸው መረመረ። ባዶ እግር ማለት ለሱ ድህነት ነበር፤ ጣት ያለው እግር አልነበረም። በመጨረሻ ወረቀት አስመጥቶ እዚያው ቆሞ ጻፈ፤ ተፈላጊዋ በእስረኞቹ መካከል አልተገኘችም የሚል። ሰባቱም በማግስቱ ዳኛ ፊት ቀረቡ። እንጨት በመቁረጣቸው ተገሥጸው፣ ሁለተኛ እንዳይደግሙ የጣት አሻራ አስፈርመው ለቀቋቸው። ጠይሟ ጫማዬን እንዳደረገች ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ያ እርጥብ ግድግዳ በሁለተኛው ቀን ደረቀ።

እነሱ ከወጡ በአራተኛው ቀን ሻምበሉ ቃሌን እንድፈርም ጠራኝ። ፈርሜ ቀና አልኩ። እግሬን እያየ ነበር።

«ጫማሽስ?»

መሳቢያውን ከፈተ። ፎቶውን አወጣ፤ ከፎቶ ቤቱ የወሰዱብኝን የራሴን ማጉያ መነጽርም አወጣ። ጎንበስ ብሎ የፎቶውን ታችኛ ጠርዝ ተመለከተ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ሪፖርቱ ግን ለበላዮቹ ሄዷል። አሁን ተመልሶ ሴትየዋ ዓይኔ ሥር ነበረች፣ ጫማ አይቼ ራሴ አስወጣኋት ሊል ነው? ክብሪት አንስቶ ፎቶውን አቃጠለው። ፊልሙንም ከፖስታው አውጥቶ ጨመረበት። ፊልም ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር።

«ይህን ነገር ማንም አይሰማም» አለኝ። ከዚያ አሥር አለቃውን ጠርቶ ውስጥ እግሬን አስገረፈኝ። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ወደ ባልዲው የምሄደው በጉልበቴ ነበር። የሚያግዘኝ ሰው ስላልነበረ በግድግዳው በኩል እየዳህኩ፣ ሴቶቹ ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ አልፋለሁ። የባሕር ዛፉ ሽታ ቆይቶ ነው የጠፋው።

ከአራት ወር በኋላ ያለ ምንም ክስ ለቀቁኝ። ሽማግሌው አንድም ነገር ሳይጠይቁ ወደ ሥራዬ መለሱኝ። መጽሔቱ ግን ሌላ ፎቶ አልወሰደልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሠርግና ክርስትና፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ጠይሟ ልጇን አዝላ ፎቶ ቤቱ መጣች። ባዶ እግሯን ነበረች። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ባንኮው ላይ አስቀመጠች። ጫማዬ ነበር፤ ታጥቧል፤ የተቀደደው ጎን በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ሲባጎው ባለበት ነው።

«ልጅቷስ?» አልኳት።

«አገሯ፣ አያቷ ጋ ላክናት። አሁንም አትናገርም።»

እሷ ካሜራውን እያየች «አሁን አንሺኝ» አለች። «ያን ጊዜ ሳትጠይቂኝ ነው ያነሳሽኝ።»

ከመጋረጃው ፊት አቆምኳት። ሐይቅና አበባ የተሳለበት፣ ሙሽሮች የሚወዱት መጋረጃ ነበር። ዞር ብላ አየችውና «ይሄን አውርጂልኝ፤ እኔ እዚህ አገር ሄጄ አላውቅም» አለች። አወረድኩት። ባዶው ግድግዳ ቀረ። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋው ቀና አለች። በጣም ረጅም ሴት ነበረች። እስከዚያን ቀን ድረስ አላወቅኩም፤ ያየኋት ሁሉ ወይ ሸክም ሥር ወይ ያ ዝቅ ያለ ጣሪያ ሥር ነበርና።

«እግሬም ይግባ» አለች።

ወደ ኋላ ሄጄ እግሯን አስገባሁ። የግራውን ትንሽ ወደ ፊት አውጥታ ነበር። አጎንብሼ ምስሉን ሳየው ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበርና ሁለት ጊዜ መጥረግ ነበረብኝ። እሷ አልቸኮለችም፤ ጠበቀችኝ።

በማግስቱ ስትመጣ ፎቶውን ሰጠኋት። ቀጥሎ ፊልሙን ቆርጬ በትንሽ ፖስታ ሰጠኋት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዘሩ ነው። ይሄ በእጁ ያለ ሰው ያንቺን ፊት የፈለገውን ያህል ማተም ይችላል። ካንቺ በቀር ማንም እንዳይኖረው ብዬ ነው።»

ፖስታውን በብርሃን አየችው፤ ከዚያ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ከበሩ ስትደርስ ብቻ ዞር ብላ እግሬን አየች። ባለ ሲባጎውን ጫማ አድርጌው ነበር። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ወረደች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

አሁን አርጅቻለሁ። ብርድ ሲሆን ውስጥ እግሬ ያቃጥለኛል። ካሜራ የያዙ ወጣት ሴቶች አንዳንዴ ቤቴ ይመጣሉ፤ ሥራቸውን ያሳዩኛል፤ ጎበዞች ናቸው። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «ጠይቀሻታል?» አንዳንዶቹ ይህች አሮጊት ምን ነካት ብለው ይተያያሉ። ከዚያ «ካነሱት ሁሉ የሚበልጥብዎትን ፎቶ ያሳዩን» ይሉኛል። የለኝም እላቸዋለሁ፤ ባለቤቷ ጋ ነው።